አጥፍታችሁ አብሩት

ያ ሪፖርት እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ግማሽ ገጽ ነው። «አንዲት የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ያልተፈቀደ መሣሪያ ከድርጅቱ ኔትወርክ ጋር በማገናኘቷ አገልግሎት ተቋርጦ ነበር፤ ችግሩ ተለይቶ ተፈቷል» ይላል። ውሸት የለበትም። ግን በዚያ ቀን ካየሁት ነገር አብዛኛው እዚያ ውስጥ የለም።

በአንድ ድርጅት የኔትወርክ ክፍል ሥራ ከገባሁ ብዙም አልቆየሁም ነበር። ዲኤችሲፒ፣ ማለትም ለኮምፒውተሮች የኔትወርክ አድራሻ የሚታደልበት ሥርዓት፣ እንዴት እንደሚሠራ በቃሌ ይዤ ነው የመጣሁት። ኮምፒውተሩ «አድራሻ የሚሰጠኝ አለ?» ብሎ ይጣራል። ሰርቨሩ «ይኸውልህ» ይላል። ኮምፒውተሩ «እሺ፣ እሱን እወስዳለሁ» ይላል። ሰርቨሩ «ያንተ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ስማቸው በየተራ ዲስከቨር፣ ኦፈር፣ ሪኩዌስት፣ አክ ነው። ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝም እነግራችሁ ነበር። ለአንድ ጥሪ ሁለት ሰርቨር ቢመልስ ምን ይሆናል ብሎ የጠየቀኝ ፈተና ግን አልነበረም።

ጠዋት አንድ ሁለት ሰው «ኢንተርኔት የለም» ብሎ ደወለ። ትንሽ ቆይቶ ስልኩ መቆሚያ አጣ። ግራ የሚያጋባው፣ ጎን ለጎን ከተቀመጡት ሰዎች አንዱ ይሠራለታል፣ አንዱ አይሠራለትም። ሁለቱም የተሰኩት አንድ ስዊች፣ ማለትም የኮምፒውተሮቹን ኬብሎች የሚያገናኝ መሣሪያ፣ ላይ ነው።

ሲኒየራችን ገና ከመጀመሪያው ስዊች ነው አሉ። ስልክ ለሚያነሱት ልጆችም መመሪያ ሰጡ፤ «ለደወለ ሁሉ አጥፍታችሁ አብሩት በሉ።» ሰዉም አጥፍቶ አበራ። ምንም አልተሻለም። እንዲያውም ደህና ሲሠራላቸው የነበሩ ሰዎች ወሬውን ሰምተው «ለማንኛውም» ብለው አጥፍተው አበሩ፤ እነሱም ጋ ጠፋ።

እኔ ኢንተርኔት የጠፋበት አንድ ኮምፒውተር ጋ ሄጄ አይፒኮንፊግ ብዬ ጻፍኩ፤ ማሽኑ የያዘውን አድራሻ የሚያሳይ ትእዛዝ ነው። አድራሻው በ192.168.1 ይጀምራል። የኛ ኔትወርክ የሚጀምረው በ10 ነው። ጌትዌዩ፣ ማለትም ወደ ውጭ የሚወጣበት በር፣ ደግሞ 192.168.1.1 ይላል። ይሄ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ራውተር ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣ ዓይነት አድራሻ ነው። የኛ ክፍል እንዲህ ያለ ነገር የትም አልተከለም።

ላፕቶፔን እዚያው ሰካሁና በኔትወርኩ የሚያልፉትን መልእክቶች፣ ፓኬት የሚባሉትን፣ የሚያሳየውን ዋየርሻርክ ከፈትኩ። አዲስ አድራሻ እንዲጠይቅ አደረግኩት። አንድ ዲስከቨር ወጣ። ሁለት ኦፈር ተመለሰ። መጀመሪያ የደረሰው ከ192.168.1.1 ነው። የኛው ከኋላው መጣ፤ የኛ ሰርቨር ያለው ሌላ ሕንጻ ውስጥ ነው፣ ጥያቄው ሪሌይ በሚባል አሻጋሪ በኩል ነው የሚደርሰው። ላፕቶፔ ቀድሞ የመጣውን ወሰደ። አብዛኛው ኮምፒውተር የሚያደርገው ይሄንኑ ነው። ማን እንደሰጠው አያጣራም፤ የሚያጣራበት መንገድም የለውም።

ስክሪኑ ላይ የቆምኩበት ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ቦታ የሆነ ሰው ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራ። ማሽኑ ሲነሣ «የቀድሞ አድራሻዬን ልቀጥልበት?» ብሎ ለሁሉም ጮኸ። ያ እንግዳ መሣሪያ ቀደመና «አይሆንም፣ ይሄ አድራሻ የዚህ ሰፈር አይደለም» ብሎ መለሰለት። ናክ ይባላል። ማሽኑ የነበረውን ጥሩ አድራሻ ጣለና ከዜሮ ጀመረ። ከዚያ የእንግዳውን ኦፈር ተቀበለ። ዓይኔ እያየ።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። ከማለዳ ጀምሮ ኮምፒውተራቸውን ያላጠፉ ሰዎች ምንም አልሆኑም። አድራሻቸው የተሰጠው ለተወሰነ ጊዜ ነው፤ ጊዜው ሲጋመስ ለማደስ የሚጠይቁት የሰጣቸውን ሰርቨር በቀጥታ ነው። አይጮኹም፤ ስለዚህ እንግዳው አይሰማቸውም። የሚጮኽ ማሽን አጥፍተው ያበሩት ብቻ ነው። ችግሩን ከክፍል ክፍል የሚያዛምተው የራሳችን መመሪያ ነበር።

ሮጬ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ አጥፉና አብሩ ማለቱን እናቁመው። የሚሠራላቸውን ሰዎች ራሳችን እያስወጣናቸው ነው።»

ከስክሪናቸው ቀና አላሉም። «የወለሎቹን ስዊቾች ሪስታርት ላደርጋቸው ነው። ሁሉም ይስተካከላል።»

«ስዊቾቹ ደህና ናቸው። ሌላ የዲኤችሲፒ ሰርቨር ገብቶብናል። ፓኬቱን ላሳይዎት?»

«ፓኬት!» አሉ። «አንተ ትምህርት ቤት እያለህ እኔ እዚህ ኔትወርክ ላይ ነበርኩ። ሰርቨራችን አንድ ነው። የተከልኩትም እኔ ነኝ።»

«እርስዎ የተከሉት አንድ ነው፣ ጋሼ። ሌላ ሰው የተከለው ሌላ አለ።»

መልስ አልሰጡኝም። ላፕቶፑን ከፍቼ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት። አላዩትም። ስዊቾቹን ሪስታርት አደረጓቸው። ስዊች ጠፍቶ ሲበራ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ኬብሉ ተነቅሎ እንደተሰካ ይቆጥረዋል፤ እንደገና ይጮኻል። እስከዚያ ሰዓት ተርፈው የነበሩትም በአንድ ጊዜ ሄዱ።

ይሄንን ጊዜ ደጋግሜ አስባለሁ። ሰውየው ሥራውን አያውቁም አልልም፤ ብዙ ነገር ያውቃሉ። ያስቆጨኝ ለማየት አለመፈለጋቸው ነው። ማስረጃው ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር። በዚህ ሙያ ልምድ ማለት ቶሎ ማየት ነው ብዬ አምናለሁ፤ እንዳናይ የሚከለክለን ከሆነ ግን ስሙ ሌላ ነው።

ስዊቾቹ ላይ ለማየት እንጂ ለመቀየር ፈቃድ አልነበረኝም። ማየት ግን በቂ ነው። 192.168.1.1ን ፒንግ አደረግኩት፣ ማለትም መልስ እንዲሰጥ ጠራሁት፤ የትኛው አድራሻ የትኛው መሣሪያ እንደሆነ ከሚመዘግበው የአርፕ ሠንጠረዥ ላይ ማክ አድራሻውን፣ የመሣሪያውን የራሱን መለያ፣ ወሰድኩ። የማክ አድራሻ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥንዶች አምራቹን ይናገራሉ። የቤት ራውተር የሚሠራ ድርጅት ነው። በኋላ ዋናው ስዊች ላይ ያ ማክ በየትኛው ፖርት፣ ማለትም በየትኛው የኬብል ቀዳዳ፣ እንደሚመጣ ፈለግኩ። ወደ ሌላ ስዊች የሚወስድ ፖርት ነው። እዚያም ገብቼ ያንኑ ፈለግኩ። አሁን አንድ ተራ ፖርት ሆነ፤ 17።

ከዚህ በኋላ ያለውን ኮምፒውተር አይነግርህም። ከየግድግዳው የመጡት ኬብሎች የሚሰበሰቡበት ፓች ፓኔል ላይ የተለጠፈው ቁጥር ግድግዳው ላይ ካለው ጋር አይገጥምም። ኬብል የዘረጋችው ቴክኒሺያን ባትኖር ስንት ሰዓት እንደምፈልግ አላውቅም። «ይሄ ግድግዳ ሲፈርስ ሶኬቶቹ ተዛውረዋል» አለችና ኬብሉን በጣቷ እየተከተለች መራችኝ። ከእሷ የተማርኩትን የትኛውም መጽሐፍ ላይ አላገኘሁትም።

ሒሳብ ክፍል ደረስን። ከፕሪንተሩ ጀርባ ትንሽዬ ነጭ ራውተር ተቀምጣለች። ከግድግዳው የመጣው ኬብል የተሰካው ላን ከሚለው፣ ራውተሯ አድራሻ ከምታድልበት ቀዳዳ ላይ ነው። ዋን የሚለው፣ ከውጭ የሚመጣው መስመር የሚሰካበት፣ ባዶ ነው። ለዚህ ነው አድራሻ ማደሏ ወደ እኛ ኔትወርክ የፈሰሰው። በዋን በኩል ቢሰካ ኖሮ ምንም አይቋረጥም ነበር። ማንም ሳያውቅ፣ ከሕንጻው ውጭ የቆመ ሰው የሚደርስበት ዋይፋይ ከሒሳብ ክፍሉ ኔትወርክ ጋር ተገናኝቶ ይቆይ ነበር። የይለፍ ቃሉ ደግሞ ራውተሯ ሆድ ላይ ተለጥፏል። እኔን ያስፈራኝ ከመቋረጡ ይልቅ ይሄ ነው።

«ይቅርታ፣ ይሄን ማን ነው ያመጣው?» አልኩ።

«እኔ ነኝ» አለች አንዷ። አልተደበቀችም። «ዋይፋዩ እዚህ ጥግ አይደርስም። ጥያቄ አስገብተናል፣ አስታውሰናል፣ መልስ የለም። የወር መዝጊያ ነው፤ ሥራዬን መሥራት አለብኝ። ከቤቴ አመጣሁት። ጥፋት ከሆነ ንገረኝ።»

ኢሜይሉን ከፍታ አሳየችኝ። የተላከው ወደ እኛ ክፍል ነው። በጨዋ ቃል የተጻፈ ነው፤ የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደማይደርስ ሳይቀር ይዘረዝራል። ምን እንደምላት ጠፋኝ። የነቀለችውም ራሷ ናት።

መነቀሉ ግን ብቻውን አልበቃም። ማሽኖቹ የወሰዱት መጥፎ አድራሻ ገና እጃቸው ላይ ነው። እንዲጥሉት እንደገና መጠየቅ አለባቸው። ስለዚህ ለስልክ ልጆቹ «አሁን አጥፍታችሁ አብሩት በሏቸው» አልኳቸው። ሠራ። ሲኒየራችን ይሄንን ሰምተው «ከጠዋት ጀምሮ ያልኩት ይሄንኑ አይደል?» አሉ። ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። መድኃኒቱ ያው ነው፤ የተሰጠበት ሰዓት ግን ያው አይደለም።

በኋላ ስለ መቋረጡ በተደረገው ስብሰባ ላይ የተናገርኩትን ዛሬም እደግመዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የዲኤችሲፒ ደንብ፣ አርኤፍሲ 2131፣ ያልተፈቀደ ሰርቨር በቀላሉ ሊተከል እንደሚችል ራሱ ያስጠነቅቃል። የተደበቀ ነገር አይደለም። ስዊቾቻችንም መከላከያው ከተገዙበት ቀን ጀምሮ ውስጣቸው አለ። ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ ይባላል። ወደ እውነተኛው ሰርቨር የሚወስደውን ፖርት «እሱን እመነው» ትለዋለህ፤ ከሌላ ፖርት የሚመጣ ኦፈር ሁሉ እዚያው ይወድቃል። ጥቂት መስመር ትእዛዝ ነው። ማንም አላበራውም ነበር።

ማብራቱም ቢሆን በጥንቃቄ ነው። የሚታመነውን ፖርት ሳይነግሩት ካበሩት የራሱን ሰርቨር ዘግቶ ቁጭ ይላል። የኛ ስዊቾች በተጨማሪ ስኑፒንግ ሲበራ በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ኦፕሽን 82 የሚባል መረጃ ይጨምራሉ። ሪሌያችን ደግሞ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ካላመነው ይጥለዋል። በአንድ ወለል፣ ሰው ከወጣ በኋላ ስለሞከርነው ነው ያወቅነው። ያንን አስተካክለን ወደ ሌሎቹ ሄድን።

ሪፖርቱ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር እንዲጨመር ጠየቅኩ፤ ጥያቄዋ መልስ ሳያገኝ መቆየቱን፣ መከላከያውም አለመብራቱን። «ይሄ ቴክኒካል ዝርዝር ነው» ተባልኩ። የእሷ ጥፋት ግን ዝርዝር አልሆነም፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈላት። ዋይፋይ የሚያሰራጨው አክሰስ ፖይንት በኋላ ተተከለ፣ ኢሜይሏ ላይ የጠቆመችው ቦታ ላይ።

አሁን አዲስ ልጆች ሲመጡ ከእውነተኛው ኔትወርክ የተለየ አንድ ስዊች፣ ጥቂት ኮምፒውተሮችና ያረጀ የቤት ራውተር እሰጣቸዋለሁ። ግማሹን ማሽን እንዲያጠፉ፣ ግማሹን እንዳይነኩ አደርጋለሁ። ሁለቱን ኦፈሮች በዓይናቸው ያያሉ፤ ናኩን ያያሉ፤ ማኩን ተከትለው ፖርቱ ጋ ይደርሳሉ። ከዚያ ራውተሩን የሰካው ሰው ሌላ ፎቅ ላይ እየጠበቃቸው ነው። ብዙዎቹ ፖርቱን ዘግተው መቀመጥ ይፈልጋሉ። ፖርቱን መዝጋቱ ልክ ነው። መቀመጡን ግን አልፈቅድም፤ ወጥተው በሩን አንኳኩተው ለምን እንደሰካው ይጠይቁታል፤ መልሱንም ሪፖርታቸው ላይ ይጽፉታል።