ማሳሰቢያው ደርሷል፣ ማን አንብቦት?

የምሠራው ለገሃር አካባቢ፣ በአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ቅርንጫፍ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል ነው። የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ ስለሆነ፣ ውሉ ሊያልቅ ሲል ለባለ መኪናው በአጭር መልእክት እናሳውቃለን። ችግሩ የመጣው የሽያጭ ክፍሉ በዚያው ቁጥር ማስታወቂያ መላክ ሲጀምር ነው። የቤት መድን፣ የሕይወት መድን፣ የጉዞ መድን፤ በዓል ሲሆን ደግሞ «እንኳን አደረሳችሁ» ከነቅናሹ። መኪናውን ብቻ ያስመዘገበ ሰው ይህ ሁሉ ይደርሰዋል።

አንድ ጠዋት አንድ የሚኒባስ ባለቤት ተቆጥተው ገቡ። መድናቸው ጊዜው አልፎበት ትራፊክ ይዟቸዋል፣ መኪናዋ ቆማለች። «ለምን አልነገራችሁኝም?» አሉ። ሲስተሙን ከፍቼ ሳይ ማሳሰቢያው ሄዷል።

«ጋሼ፣ እኛ ልከናል» ስላቸው ስልካቸውን ሰጡኝ። «እዪው ልጄ፣ ቁጥራችሁን ከዘጋሁት ቆየሁ። ለቅሶ ቤት እንኳ ተቀምጬ የጉዞ መድን ግዛ ትሉኛላችሁ!»

የታገዱ መልእክቶች ያሉበትን ቦታ ከፈትኩት። የእኛ ማስታወቂያ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል፤ በመሀል ማሳሰቢያው አለ፤ የታርጋ ቁጥራቸውና ውሉ የሚያልቅበት ቀን ሳይሳሳት ተጽፎበታል። እሳቸውን ጥፋተኛ ማለት አልቻልኩም፤ አሁንም አልችልም።

ወደ ሽያጭ ክፍል ኃላፊው ሄድኩ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሠንጠረዡን አውጥቶ አስረዳኝ። ስንት ተላከ፣ ስንት ሰው ደወለ፣ ስንት ውል ተሸጠ። «አንዱን ለመላክ የምናወጣው ሳንቲም ነው። ከሺህ አንድ ሰው ቢገዛ እንኳ ያዋጣል» አለ። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ድርጅቶች የማይተዉትም ለዚህ ነው። ከመጀመሪያውም እንዲሁ ነበር። በ1978 እ.ኤ.አ. ጋሪ ተርክ የተባለ የአሜሪካ የኮምፒዩተር ድርጅት ሠራተኛ፣ ለኢንተርኔት መነሻ በሆነው አርፓኔት የተባለ የኮምፒዩተር መረብ ላይ ለነበሩ ወደ 400 ለሚጠጉ ሰዎች ሳይጠይቃቸው ማስታወቂያ ላከ። ብዙዎቹ ተቆጡ፤ እሱ ግን በዚያ ሰበብ የሚሊዮኖች ዶላር ሽያጭ መገኘቱን ይናገር ነበር።

ሠንጠረዡ ላይ የሌለው ቁጥራችንን የዘጋው ሰው ነው። የሰለቸው ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ መጥቶ አይጨቃጨቅም። አንዱ ሳያነብ ያጠፋል፣ ሌላው ይዘጋል። ኢሜይል ከሆነም አላስፈላጊ ነው ብሎ ምልክት ያደርግበታል፤ ይህ ሲበዛ ከዚያው ላኪ የሚመጣ ደረሰኝ ሳይቀር ከአላስፈላጊዎቹ ጋር ሊጣል ይችላል። ጥቂቶች ደግሞ «እባካችሁ ስሜን አውጡልኝ» ብለው ይደውላሉ። እኛ የምናወጣበት መንገድ አልነበረንም። በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ ሰው አልፈልግም ሲል የሚሰማው ማጣቱ።

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ተቀባዩ ሳይፈቅድ ማስታወቂያ መበተንን ይከለክላል። ልዩ ሁኔታዎች አሉት፤ እነሱም ቢሆኑ የደንበኛውን ፈቃድ፣ ወይም የላኪውን ማንነትና ተቀባዩ በቀላሉ አልፈልግም የሚልበትን መንገድ ይጠይቃሉ። ይህን ስነግረው ኃላፊው «የሚልኩት ሁሉ ናቸው፣ እኛ ብቻ ነን እንዴ?» አለኝ።

ስለዚህ ሳይታደሱ የቀሩ ውሎችን ዝርዝር አውጥቼ ለደንበኞቹ መደወል ጀመርኩ። «መልእክት አላየሁም» የሚለው መልስ በረከተ፤ ከፊሎቹ ሌላ ድርጅት ገብተዋል። በየስማቸው አጠገብ ያጣነውን ዓረቦን፣ ማለትም የመድን ክፍያ፣ ጽፌ ለሥራ አስኪያጁ ሰጠሁ። ያኔ ሽያጭ ክፍሉም ሰማኝ።

አሁን ማሳሰቢያ በራሱ ቁጥር ይላካል፤ በዚያ ቁጥር ሌላ ነገር አይሄድም። ማስታወቂያ የሚደርሰው ውል ሲፈርም ተጠይቆ ለፈቀደ ሰው ነው፤ ሐሳቡን ከቀየረም በአንድ መልስ ይቆምለታል። የገና በዓል ሲደርስ በማሳሰቢያው ቁጥር «ለአንድ ጊዜ ብቻ» ቅናሽ እናስተዋውቅ የሚል ጥያቄ መጥቶ ነበር፤ አልተፈቀደም። ቀኑ ሊያልፍ እየተቃረበ ላላደሰ ሰው ደግሞ ስልክ እንደውላለን።