አባት ሳያሳውቁት የቀረ የቤት ኪራይ ግብር፦ ውርሱን ሳጣራ የሄድኩበት መንገድ

ጊቢ ውስጥ ያለ ሰርቪስ ቤት ወይም የመንገድ ዳር ሱቅ ለዓመታት ሲከራይ ኖሮ ግብሩ ሳይከፈል ከቀረ፣ ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ባለቤቱ ሲያርፉ ነው። ወራሾች ካርታውን ወደ ስማቸው ለማዞር ሲሄዱ የግብር ክሊራንስ (የግብር ዕዳ እንደሌለ የሚያሳይ ማስረጃ) ይጠየቃሉ፤ ወረዳው ደግሞ ቤቱ ውስጥ ተከራይ እንዳለ ያውቃል። ስለዚህ ከስም ዝውውሩ በፊት ራሴ ቀርቤ ማሳወቅን መረጥኩ። የምጽፈው አዲስ አበባ ላይ የሚሠራውን ነው።

ከሁሉ በፊት አባቴ ያረፉበትን ቀን እንደ ድንበር ወሰድኩ። እስከዚያ ቀን የተሰበሰበው ኪራይ ግብር የሟች ዕዳ ነው፤ ከውርሱ ይከፈላል። ከዚያ ወዲህ ያለው የወራሾች የራሳቸው ገቢ ነው። የግብር ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ፣ ሞቱ ጥር ላይ ከደረሰ ያ ዓመት ለሁለት ይቆረጣል። ይህ ካልተለየ ወይ ኪራዩን ሲሰበስብ በቆየው ልጅ ስም የሁሉም ዕዳ ይጻፋል፣ ወይ የሟች ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) ሳይዘጋ ከሞት በኋላም ግብር ሲወሰንበት ይኖራል።

እናት በሕይወት ካሉ ሌላም ድንበር አለ። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ከግል ንብረት የሚገኝ ገቢ እንኳ የባልና ሚስት የጋራ ነው። ቤቱ የአባት የግል ቢሆንም ኪራዩ የሁለቱ ነበር ማለት ነው። መጀመሪያ የጋራው ሀብትና ዕዳ ይጣራል፣ ከዚያ የሟች ድርሻ ብቻ ወደ ውርስ ይገባል። ግብሩን በሙሉ ከልጆች ድርሻ ላይ መቁረጥ ስሌቱን ያዛባል።

ወረቀቱ የሚጀምረው ከሞት ምስክር ወረቀት ነው፤ ቀጥሎ ከከተማው ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ። በካርታው፣ በሞት ምስክር ወረቀቱና በልጆች መታወቂያ ላይ ያለው ስም ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። አንዱ ላይ «ወልደማርያም»፣ ሌላው ላይ «ወ/ማርያም» ከሆነ ማመልከቻ ከመጻፉ በፊት ይታረም፤ በኋላ ከሆነ እያንዳንዱ መስኮት ይመልሳል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ወራሾች ማንም ሳይሾማቸው አጣሪ፣ ማለትም የውርሱን ንብረትና ዕዳ የሚለዩ፣ ናቸው። እኔ ግን በፍርድ ቤት የጸና አጣሪነት መያዙን እመርጣለሁ፤ ባንኩም ገቢዎችም (ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት) አንድ ተጠሪ ይፈልጋሉ። በግብር አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 የሟችን ንብረት የሚያስተዳድር ሰው መሾሙን በ15 ቀን ውስጥ ለገቢዎች በጽሑፍ ያሳውቃል፤ የዕዳው መጠን ሳይነገረው ንብረቱን ቢያከፋፍል በግሉ ሊጠየቅ ይችላል። ወንድምና እህት «ቶሎ እንካፈል» ሲሉ ያሳየሁት ይህንኑ ነው። ፍትሐ ብሔሩም ከቀብርና ከማጣራት ወጪ ቀጥሎ የሟችን ዕዳ ያስቀድማል።

ጊዜ የሚበላው የኪራዩን ታሪክ መልሶ ማቆም ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ገጽ አዘጋጀሁ፦ ተከራዩ ማን ነበር፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በወር ስንት፣ ባዶ የነበረው በየትኞቹ ወራት፣ ማስረጃው ምን። ያልተመዘገበ የውል ወረቀትም፣ የባንክ ስቴትመንትም፣ ተከራዩ ስልክ ላይ የቀረ የቴሌብር መልእክትም ይጠቅማል። ክፍሉ ባዶ እንደነበር ግን የራሱ ቆጣሪ ካለው ከመብራት ቢል በላይ የሚያስረዳ የለም። ስቴትመንቱ በጥንቃቄ ይያዝ። ሒሳቡ ውስጥ የገባ ብር ሁሉ ኪራይ አይደለም፤ የደረሰ ዕቁብ አለ፣ ጡረታ አለ፣ ልጆች ከውጭ የላኩት አለ። የገቢዎች ሠራተኛው ድምሩን ብቻ አይቶ እንዳይወስን እያንዳንዱን መስመር በቀለም ለይቼ፣ ኪራይ ያልሆነውን ከነማስረጃው አያያዝኩ። በተቃራኒው፣ ተከራዩ በውሉ ግዴታ መሠረት በራሱ ወጪ የሠራው ማሻሻያ የአከራዩ ገቢ ውስጥ ይቆጠራል። ሱቅ ላይ ይህ ይበዛል፣ ቤተሰብም አያስታውሰውም።

በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የኪራይ ገቢ የሚታየው ሰንጠረዥ «ለ» በሚባለው የገቢ ምድብ ነው። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ከመሻሻሉ በፊት፣ የሒሳብ መዝገብ የማይዝ አከራይ ለጥገና፣ ለእድሳትና ለእርጅና ተብሎ ከጠቅላላው ኪራይ 50 በመቶ ይቀነስለት ነበር። በወር 12,000 ብር የሚከራይ ቤት በዓመት 144,000 ያስገባል፤ ግማሹ ሲቀነስ 72,000 ይቀራል። የመጀመሪያው 7,200 ነፃ ነበር፤ ቀሪው በ10፣ በ15፣ በ20 እና በ25 በመቶ እርከን ሲሰላ ግብሩ 11,220 ብር ይመጣል። ቅናሹ ከተዘነጋ በዚያው ሰንጠረዥ 32,400 ብር ይሆናል። የውሳኔ ማስታወቂያ በእጄ ሲገባ መጀመሪያ የማየው ይህችን መስመር ነው። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ተሻሽሏል፤ ያለፈ እያንዳንዱ ዓመት ግን በዘመኑ በነበረው ሰንጠረዥ ነው የሚሰላው። ከ979 በፊት ያለው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 286/1994 ይታያል።

ቅጣቱ ወደ ፍሬ ግብሩ (ወደ ዋናው ግብር) ይጠጋል። በ983/2008 ዘግይቶ ለመክፈል ለመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ በየወሩ 2 በመቶ ነው፤ 11,220 ብር 36 ወር ቢቆይ 8,415 ብር ይደመርበታል። ዘግይቶ ለማስታወቅ እስከ 25 በመቶ አለ፣ ወለድም አለ። «አምስት ዓመት ያለፈው አይነሳም» የሚለውን ወሬ አልተማመንኩበትም፤ ሆን ተብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ለቀረ ገቢ ያ ገደብ አይሠራም። በማመልከቻው ላይ ፍሬ ግብር፣ ወለድና ቅጣት በሦስት ዓምድ ተለይተው ቀረቡ። ፍሬ ግብሩን እንከፍላለን፣ አስተዳደራዊ ቅጣቱ ግን ይነሳልን፤ ምክንያቱም ማስታወቅ የነበረባቸው ሰው አርፈዋል፣ ወራሾቹም ሳይጠሩ ቀርበዋል። አዋጁ ቅጣት በመመሪያ መሠረት እንዲነሳ ይፈቅዳል። ወለዱ ይነሳል ብሎ በጀት መያዝ ግን የዋህነት ነው።

በውሳኔው ያልተስማማ ቅሬታውን በ21 ቀን ያቀርባል። ቀኑ የሚቆጠረው ማስታወቂያው ከደረሰበት ጀምሮ ስለሆነ፣ ስቀበል ቀኑን በራሴ እጅ ጽፌ እፈርማለሁ። ከቅሬታው በኋላ ወደ ግብር ይግባኝ ኮሚሽን መሄጃው 30 ቀን ነው፤ ክርክር ከተነሳበት ግብር 50 በመቶ ማስያዝ ያስፈልጋል። የውርሱ ጥሬ ገንዘብ ተከፋፍሎ ካለቀ ይህን 50 በመቶ ከየት ያመጡታል?

ከሞት በኋላ ላለው ኪራይ ወራሽ ሁሉ የየራሱን ቲን ያወጣል። ያው 144,000 ብር ለሦስት ልጆች ቢደርስ፣ ከመሻሻሉ በፊት በነበረው በዚያው በ979 ሰንጠረዥ የእያንዳንዱ ግብር 1,890፣ በድምሩ 5,670 ብር ነበር፤ በአንድ ስም ቢሆን 11,220 ነበር። ሌላ የሚከራይ ቤት ያለው ወራሽ ግን ከዚያኛው ጋር ይደምራል። ለተከራዮች ኪራዩ ከእንግዲህ የሚገባበትን የጋራ ሒሳብ በደብዳቤ ማሳወቅ ይሻላል። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው የሚከፈለው፤ ውሉም በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት።

ውጭ አገር ያለ ወራሽ ውክልናውን በኤምባሲ ሲያዘጋጅ «ንብረቴን ያስተዳድርልኝ» ማለቱ አይበቃም። ውርስ ማጣራት፣ ግብር ማስታወቅና መክፈል፣ ቅሬታና ይግባኝ ማቅረብ የሚሉት በስማቸው ይጻፉ። አሜሪካ ያለው ደግሞ ከሞት በኋላ ያለውን የኪራይ ድርሻውን እዚያም ያስታውቃል፤ እዚህ የከፈለው ግብር ሊታሰብለት ይችላል። የደረሰው ውርስ ከ100,000 ዶላር በላይ ከሆነ ለአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት ቅጽ 3520 ይሞላል። በቅጹ የሚከፈል ግብር የለም፤ ካልቀረበ ግን ቅጣቱ በየወሩ ከውርሱ 5 በመቶ፣ እስከ 25 በመቶ ይደርሳል።