የበገና ትምህርት ቪዲዮን ድምፅ በአውቶሜሽን ያስተካከልኩበት መንገድ

ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከሚነሳበት ከቱሉ ዲምቱ ብዙም ሳይርቁ የሚኖሩ አንድ የበገና መምህር ትምህርታቸውን በቪዲዮ ሲያስቀርጹ የምስሉም የድምፁም ቅንብር ለእኔ ደረሰኝ። ቀረጻው የተካሄደው በመኖሪያ ቤታቸው ነው። መምህሩ ጥቂት ይናገራሉ፣ ጥቂት ይደረድራሉ፣ ደግሞ ይናገራሉ። ንግግሩና በገናው በአንድ ማይክሮፎን ተፈራርቀው ስለሚመጡ ለአንዱ የሚስማማው ማስተካከያ ሌላውን ይጎዳል። ለዚህ መፍትሔ የሆነኝ አውቶሜሽን ነው፤ ይኸውም የድምፅ መጠንም ሆነ የፕላግኢን (በሶፍትዌሩ ላይ የሚጨመር የድምፅ ማስተካከያ መሣሪያ) ቅንጅት ከታይምላይኑ፣ ማለትም ድምፁ በጊዜ ቅደም ተከተል ከተደረደረበት መስመር ጋር አብሮ በየጊዜው እንዲለዋወጥ ማድረግ ማለት ነው። ምስሉን ዳቪንቺ ሪዞልቭ በተባለው የቪዲዮ ሶፍትዌር ቆረጥኩ፤ ድምፁን የሠራሁት ግን ሪፐር በተባለው የድምፅ ሶፍትዌር ነው።

በመጀመሪያ በገናውን ራሱን ማወቅ ያስፈልጋል። ዐሥሩ አውታሮች በድልድዩ ላይ በሚያርፉበት ቦታ እንዚራ የተባለው የቆዳ ቁራጭ ይገባል፤ በገናን በገና የሚያደርገው ያ የሚንዘረዘር ድምፅ የሚመጣውም አውታሩ ከቆዳው ጋር ሲነካካ ነው። ጫጫታ የሚያጠፉ ፕላግኢኖች ይህንን ንዝረት ከጀርባ ጫጫታ ለይተው ማወቅ ስለሚያስቸግራቸው አብረው ይበሉታል። ኖይዝ ጌትም (ድምፅ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ የሚዘጋ መሣሪያ) ቢሆን አውታሩ ቀስ እያለ ሲከስም መጨረሻውን ይቆርጠዋል። ስለዚህ በገናው በሚሰማባቸው ክፍሎች ላይ እነዚህን መሣሪያዎች ፈጽሞ ላለመጠቀም ወሰንኩ።

ሥራውን የጀመርኩት ከመቁረጥ ነው፤ ይህ ቅደም ተከተል ቀላል ነገር አይደለም። የአውቶሜሽን ነጥቦች (መስመሩ የት ከፍና ዝቅ እንደሚል የሚወስኑ ምልክቶች) ከተቀመጡ በኋላ ክሊፕ (የተቆረጠ የድምፅ ቁራጭ) ቢንቀሳቀስ ነጥቦቹ ባሉበት ሊቀሩና ለአንዱ ዓረፍተ ነገር የተሠራው ከፍታ ሌላው ላይ ሊያርፍ ይችላል። ሪፐር ነጥቦቹ ከክሊፑ ጋር አብረው እንዲጓዙ የሚያደርግ አማራጭ አለው፤ እኔም ሁልጊዜ ከፍቼው እሠራለሁ። ያም ሆኖ ቆርጦ ከጨረሱ በኋላ ወደ አውቶሜሽን መግባት የሚተካከለው የለም። ንግግሩን የቆረጥኩት በቃላት መካከል ባለው ዝምታ ነው። በገናውን የቆረጥኩት ደግሞ ጣት አውታሩን ሊመታ ሲል፣ ከምቱ ጥቂት ሚሊሰከንድ ቀደም ብዬ ነው፤ አዲሱ ምት መጋጠሚያውን ስለሚሸፍነው ጆሮ አይነቃበትም። በየመጋጠሚያው 10 ሚሊሰከንድ ያህል ክሮስፌድ ካደረግሁ (የአንዱን መጨረሻ ከሌላው መጀመሪያ ጋር ቀስ በቀስ ካቀላቀልኩ) በኋላ «ጠቅ» የሚል ድምፅ አልቀረም። ይህን ዓይነት ሥራ በቪዲዮ ሶፍትዌር ውስጥ በፍሬም እየቆረጡ መሥራት ያዳግታል። በሰከንድ 25 ፍሬም ባለው ቪዲዮ አንዱ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ሲሆን፣ በ48 ኪሎኸርዝ ድምፅ ደግሞ 1920 ሳምፕል (የዲጂታል ድምፅ ነጠላ ልኬት) ይይዛል፤ የአውታር ምት ከዚህ እጅግ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይነሳል።

ቀጥሎ የእያንዳንዱን ክሊፕ መጠን በራሱ በክሊፑ ላይ አስተካከልኩ። መምህሩ ወደ በገናው ጎንበስ ሲሉ ንግግራቸው ይርቃል፣ ቀና ሲሉ ይቀርባል፤ ይህንን ልዩነት ለኮምፕሬሰር (ከፍ ያለውን ድምፅ በራሱ ለሚቀንስ መሣሪያ) መተው ትንፋሽንና የክፍሉን ድምፅ አጉልቶ ያመጣል። በሪፐር የክሊፑ መጠን የሚሠራው ከትራኩ (ክሊፖቹ ከተደረደሩበት የድምፅ መስመር) ፕላግኢኖች በፊት ሲሆን፣ የትራኩ ዋና የድምፅ መጠን መስመር ደግሞ ከፕላግኢኖቹ በኋላ ነው። ይህንን አንድ ነገር የተረዳ ሰው ግማሹን ሥራ እንደጨረሰ እቆጥረዋለሁ። ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚገባው ድምፅ አስቀድሞ የተስተካከለ ከሆነ ኮምፕሬሰሩ የሚቀንሰው 2 ወይም 3 ዴሲቤል ብቻ ስለሚሆን መኖሩ እንኳን አይታወቅም።

ከሁሉም በላይ ያሰብኩበት በቤቱ አቅራቢያ ባለው መንገድ የሚያልፉት ከባድ መኪኖች ጉርምርምታ ነው። ከመንገዱ የሚመጣው ዝቅተኛ ድምፅ በግድግዳ አልፎ ይገባል። የተለመደው መፍትሔ ዝቅተኛውን ክልል በሃይፓስ ፊልተር መቁረጥ ነው፤ ነገር ግን የበገናው ወፋፍራም አውታሮች ድምፅም የሚነሳው ከዚያው ክልል ስለሆነ ፊልተሩ በገናውን ባዶ ያደርገዋል። ስለዚህ የፊልተሩን ፍሪኩዌንሲ ራሱን አውቶሜት አደረግሁ፦ መምህሩ ሲናገሩ 90 ኸርዝ፣ ሲደረድሩ 30 ኸርዝ። መምህሩ «አሁን ይህን አውታር ስማው» ብለው ዝም ካሉ በኋላ ጣታቸው አውታሩን እስኪነካ ድረስ ከግማሽ ሰከንድ የማትበልጥ ፋታ አለች። የፊልተሩ መስመር ከ90 ወደ 30 የሚወርደው በዚያች ፋታ ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በዝግታ ተዳፍቶ ነው። ጉርምርምታው ቀስ ብሎ ሲመለስ አውታሩ ወዲያው ይሸፍነዋል። ፊልተሩን በድንገት ከማጥፋትና ከማብራት ይህ እጅግ ይሻላል፤ ድንገተኛ ለውጥ የክፍሉ አየር የተቀየረ ያህል ይሰማልና።

የመጀመሪያውን ቅንብር ሲሰሙ መምህሩ «ልጄ፣ ንግግሬን እንደ ወደድከው አድርገው፤ በገናውን ግን ሲከስም ተወው፣ እስከ መጨረሻው ይሰማ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የበገና ክሊፕ መጨረሻ ላይ የድምፅ መቀነሻ አላስቀምጥም፤ አውታሩ በራሱ እስኪያልቅ ድረስ ክሊፑን እዘረጋለሁ፣ የሚቀጥለውን ንግግርም በሌላ ትራክ ላይ አድርጌ በላዩ ላይ አስጀምረዋለሁ።

የመጨረሻው እርከን እየሰሙ በእጅ ከፍና ዝቅ ማድረግ ነው። በማውስ ነጥብ በነጥብ መሥራት ይቻላል፤ ዳሩ ግን ጆሮ ሲሰማ እጅ ወዲያው የሚሰጠውን ምላሽ አይተካም። የተጠቀምኩት ሞተር የሌላቸው ትናንሽ ፌደሮች (ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱ ማስተካከያዎች) ያሉትን የሚዲ መቆጣጠሪያ ነው፤ ሚዲ የሙዚቃ መሣሪያዎችና ኮምፒውተር የሚገናኙበት የመልእክት ሥርዓት ነው። ሚዲ የተለመደውን የመቆጣጠሪያ መልእክት የሚልከው ከ0 እስከ 127 ባሉ 128 ደረጃዎች ብቻ ነው፤ ሙሉው የድምፅ ክልል በዚህ ከተከፈለ እርምጃው ሻካራ ይሆናል። የሪፐር ጄኤስ ፕላግኢኖች ኮድ ተከፍቶ የሚስተካከል በመሆኑ፣ አንድ ቀላል የድምፅ መጠን ፕላግኢን ገልብጬ ወሰኑን ከ−6 እስከ +6 ዴሲቤል አደረግሁትና ከኮምፕሬሰሩ በኋላ አስቀመጥኩት። አሁን አንዱ የፌደር እርምጃ ከ0.1 ዴሲቤል አይበልጥም፤ እጄ ቢሳሳት እንኳን ከ6 ዴሲቤል የዘለለ ጉዳት አያደርስም።

የፌደሩ እንቅስቃሴ በአውቶሜሽን መስመሩ ላይ የሚቀዳበትን ስልት በተመለከተ፣ ተች የሚባለው ፌደሩ ሲለቀቅ ወደ ቀድሞው መስመር ይመለሳል፤ ላች ደግሞ በተለቀቀበት ከፍታ ላይ ይቆያል። ፌደሩ የጣትን መኖር የማያውቅ ከሆነ ሶፍትዌሩ መቼ እንደለቀቅኸው በትክክል ሊያውቅ ስለማይችል ላችን መርጫለሁ። ከቀረጻ ውጪ የተለቀቀ ፌደር ከመስመሩ ጋር ስለማይገጥም፣ በመነካቱ ድምፁ እንዳይዘል ሶፍት ቴክኦቨር የሚባለውን አማራጭ ማብራት ያስፈልጋል፤ ያኔ ፌደሩ ካለው ዋጋ ጋር እስኪገናኝ ድረስ ምንም አይለውጥም። ራይት የተባለውን ስልት ግን ያለፍክበትን ሁሉ ስለሚደመስስ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ አልነካውም። በየዙሩ መጨረሻ የበዙትን ነጥቦች አሳንሳለሁ፤ ነጥቦቹ ካልቀነሱ ኋላ ላይ በእጅ ማረም ያዳግታል።

አብዛኛው ተማሪ የሚሰማው በስልክ ስለሆነ የመጨረሻውን ፍርድ የሰጠሁት በስልክ ድምፅ ማጉያ ነው። በዚያ ላይ የወፋፍራሞቹ አውታሮች ዝቅተኛ ድምፅ ጨርሶ አይሰማም፤ አውታሩን ለጆሮ የሚያደርሰው የእንዚራው ንዝረት ብቻ ነው። በመሆኑም የሚቀጥለው ንግግር ገና በሚከስመው አውታር ላይ በሚደረብባቸው ቦታዎች ንዝረቱ ንግግሩን እንዳይሸፍን፣ 2 ኪሎኸርዝ አካባቢ ያለውን የኢኪው (የድምፅ ክልሎችን ለየብቻ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ) ከፍታ በ3 ዴሲቤል ዝቅ የሚያደርግ፣ ንግግሩ ሲያበቃ መልሶ የሚያነሳ መስመር በበገናው ትራክ ላይ ጨመርኩ። ዩቲዩብ ከ−14 ሉፍስ (ድምፅ ለጆሮ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ የሚለካበት መለኪያ) አካባቢ በላይ የሆነን ድምፅ ዝቅ የሚያደርግ ሲሆን ዝቅ ያለውን ግን ከፍ ስለማያደርግ፣ አጠቃላይ መጠኑን በዚያው አካባቢ፣ ከፍተኛውን ጫፍ ደግሞ በ−1 ዴሲቤል ወስኜ አወጣሁት።