ቁልፉ ማታ ቤት ሲሄድ

ባሕር ዳር ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የሕፃናት ዋርድ ነርስ ነኝ። ክረምቱ ሲወጣ እኛ ዘንድ ወባ ይገባል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ከፎገራ ሜዳ፣ ከጣና ዳርቻ ቀበሌዎች፣ ከደቅ ደሴት ሳይቀር በጀልባ ልጅ ታቅፈው የሚመጡ እናቶች ኮሪደሩን ይሞሉታል።

አብራን የምትሠራ አንዲት ሲስተር አለች። ሰውነቱ የደረቀ ሕፃን ደም ሥሩ ጠፍቶን ካኑላ (መድኃኒት በደም ሥር የሚሰጥበት ቀጭን ቱቦ) ማስገባት ሲያቅተን የምንጠራው እሷን ነው። ተረኛ ባትሆንም ትመጣለች። ባልደረባ ከታመመ ዲዩቲውን ትሸፍናለች። ለአስታማሚ የባጃጅ ሒሳብ ከኪሷ ስታወጣም አይቻለሁ። ይህን አድርጊ ያላት የለም።

አንድ የኅዳር ሌሊት የሚንዘፈዘፍ ሕፃን ገባ። ከባድ ወባ ነው። የአርቴሱኔት መርፌ ወዲያው መጀመር አለበት፤ ከዚያም በ12ኛውና በ24ኛው ሰዓት ይደገማል። መድኃኒቱ በመስታወቱ በኩል ይታየናል። ቁም ሳጥኑ ግን ተቆልፏል። ቁልፉ ከቀን ሠራተኛው ጋር ቤቱ ሄዷል፤ ስልኩም አይነሣም። ሲስተር ሌላ ክፍል ሮጣ ለምና አመጣች። ልጁ ተረፈ። ጠዋት ርክክብ ላይ «ያለ ፎርም መድኃኒት ወስደሻል፤ ማብራሪያ በጽሑፍ አቅርቢ» ተባለች።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነች። ሰዓቷ ሲደርስ ጋውኗን አውልቃ ውልቅ ነው። አንዲት እናት «ሲስተር፣ የኔ እናት፣ ይሄን ልጅ አንዴ እይልኝ» ስትላት «ተረኛዋን ጥሪ» ብላት አለፈች። አጠገባቸው ነበርኩ። «ተበላሸች» ያሉ ብዙ ናቸው። በፍጹም አልተበላሸችም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በርንአውት የሚባለውን በሥራ መዛል ሲገልጽ፣ ሲጠራቀም ኖሮ መላ ያልተበጀለት የሥራ ቦታ ጭንቀት የሚያመጣው ነው ብሏል። አቅም ይሟጠጣል፣ ልብ ከሥራው ይርቃል፣ ሰው የሠራው ሁሉ ከንቱ ይመስለዋል። ሦስቱንም እሷ ላይ አየሁ። የሥራ ብዛትማ ድሮም ነበር። የሰበራት ኃላፊነቱ እሷ ትከሻ ላይ ሆኖ ሥልጣኑ ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ መሆኑ ነው። ሮዛቤት ሞስ ካንተር የተባሉት አሜሪካዊት ምሁር ገና በ1977 በጻፉት ላይ፣ ሠራተኛ አቅም የሚያገኘው መረጃ፣ ድጋፍ፣ የሥራ ግብዓትና የማደግ ዕድል ሲኖረው ነው ይላሉ። የእኛ የሌሊት ተረኛ ግብዓቱን በመስታወት ነበር የምታየው።

በኋላ አዲስ የዋርድ አስተባባሪ መጣች። ሥልጠናም መፈክርም አላመጣችም። «ሌሊት እጃችሁን የሚያስረው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። ሁላችንም በአንድ አፍ «ቁልፉ!» አልን። አሁን ቁልፉ ከተረኛ ወደ ተረኛ በፊርማ ይተላለፋል፤ የመድኃኒቱ ብልቃጥ አብሮ ይቆጠራል። የዲዩቲ ፕሮግራሙም ከቢሮ ማኅተም ተመትቶበት መውረዱ ቀረ። እኛው በእርሳስ እንሞላዋለን፣ እኛው እንቀያየራለን። ተጨማሪ ዲዩቲ ሲኖር እንጠየቃለን እንጂ አንታዘዝም። «አልችልም» ያለ ሰው ለምን አይባልም።

ሲስተር በመጀመሪያ የተጠቀመችው በዚህችው «አልችልም» ነው። ደጋግማ አለች። ፊቱን ያጠቆረባት የለም። እንዲያ መሆኑ ደስ ብሎኛል፤ እምቢ ማለት የማይችል ሰው ሲያግዝ ከልቡ ይሁን ከፍርሃት በምን ይታወቃል? ቆየት ብሎ ጀማሪ ነርሶችን ሰብስባ የሕፃን ደም ሥር አፈላለግ ማሳየት ጀመረች። ትንሿን እጅ በሞቀ ፎጣ ትጠቀልላለች፣ ትጠብቃለች፣ በጣቷ ጫፍ ትዳስሳለች፤ መርፌውን የምታነሣው ከዚያ በኋላ ነው። «አትቸኩሉ፣ ይመጣል» ትላቸዋለች። ማንም አላዘዛትም።

የሰው እጥረቱ እንዳለ ነው። የዲዩቲ ክፍያም ይዘገያል። ቁልፍ ይህን አይፈታም። ሌሎች ዋርዶች ውስጥ ደግሞ ቁልፉ አሁንም ማታ ማታ ቤት ይሄዳል። በሚቀጥለው የነርሶች ስብሰባ የርክክብ መዝገባችንን ይዘን ገብተን፣ አሠራሩ ለሁሉም ክፍል እንዲሆን እንጠይቃለን።