የዛገው ሞዞ እንዴት እንደወጣልኝ

ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት የምመላለስባት ፒክአፕ ከፊት በግራ በኩል መጮህ ጀመረች። መጀመሪያ ጎማ መስሎኝ ነበር። ግን ወደ ቀኝ ስታጠፍ ጩኸቱ ይብሳል፣ ወደ ግራ ሲሆን ይቀንሳል። ወደ ቀኝ ስትዞር ክብደቷ የግራው ጎማ ላይ ስለሚያርፍ፣ ያለቀው የግራው ኩሽኔታ፣ ጎማው በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ክፍል፣ ነው ማለት ነው።

የኔ መኪና ኩሽኔታው ከነሞዞው፣ ጎማው ከሚታሰርበት የመሀል ብረት ጋር፣ ነው የሚቀየረው። ከጀርባ 4 ቡሎን ይዞታል። እሁድ ጠዋት ግቢ ውስጥ በክሪክ አነሳኋት፤ ከስር ጠንካራ መቆሚያ አደረግሁ። በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ላይ መዶሻ አይነሳም። ካሊፐሩን (ዲስኩን ጨብጦ የሚያቆመውን የፍሬን ክፍል) አውልቄ በሽቦ አሰርኩት፤ በፍሬን ቱቦው ከተንጠለጠለ ቱቦው ይጎዳል። ዲስኩን አወረድኩ፣ የጎማውን ፍጥነት የሚለካውን የኤቢኤስ ሴንሰር ነቀልኩ፣ የመሀሉን ትልቅ ዳዶ ፈታሁ፣ በመጨረሻም 4ቱን ቡሎኖች አወጣሁ።

ሞዞው ንቅንቅ አላለም።

ጠጋ ብዬ አየሁት። ሞዞው የሚቀመጥበት ዙሪያ ቡናማ ቅርፊት ሠርቷል፤ በካቻቢቴ ስነካው እንደ ደረቅ ጭቃ ይረግፋል። መንገዴ እንዲህ ነው፦ ጣርማበር ተራራ ላይ ጉምና ዝናብ፣ ቁልቁለቱ ላይ የጋለ ፍሬን፣ ታች ጭቃ። ብረት ሲዝግ ደግሞ ያብጣል። ስለዚህ ቡሎን ባይኖርም ዝገቱ ራሱ ነክሶ ይይዛል።

ዝገት የሚያላላውን ደብሊውዲ 40 ነፍቼ ከፊት በመዶሻ ደበደብኩት። ሁለት ሰዓት ሙሉ። ብርዱ ጣቴን አደንዝዞታል። አንድ ጎረቤት በእሳት እናግለው አለኝ። እምቢ አልኩ፤ አጠገቡ የቴስቲናው (የመሪው መገጣጠሚያ) የጎማ ሽፋንና የፍሬን ቱቦው አሉ።

በመጨረሻ ዕድሜያቸውን በጋራዥ የጨረሱ ሽማግሌ ጎረቤቴን ጠራሁ። ገና ከበሩ እንዳዩኝ፣ «ቡሎኖቹን ለምን ጨርሰህ አወጣሃቸው ልጄ? መልሳቸው እንጂ» አሉኝ።

«እሺ ጋሼ» ብዬ መለስኳቸው። የቡሎኖቹ ጥርስ ሞዞው ውስጥ በደንብ ገባ፤ ራሳቸው ግን ጣት የሚያህል ወደ ኋላ ቀረ። ቡሶላውን (የቡሎን መፍቻውን) ከነማራዘሚያው ቡሎኑ ራስ ላይ ደግነን ከጀርባ መታን። አንዱን፣ ቀጥሎ ፊት ለፊቱ ያለውን፣ እንዲህ እየተፈራረቅን። አንድ ወገን ብቻ ከተመታ ሞዞው ይጋደምና ጭራሽ ይቆለፋል። በየመሀሉ ደብሊውዲ 40 ጨመርን። አምስተኛው ዙር ላይ ድምፁ ተቀየረ፤ ደረቁ «ጣ» ወደ ድፍን «ዱ» ዞረ። ሞዞው ከመቀመጫው በሚጋጠምበት መስመር ላይ የወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት ታየ። ከዚያ በኋላ አስር ደቂቃም አልፈጀም።

የተመታ ቡሎን ጥርሱ ስለሚጎዳ ለአዲሱ ሞዞ አዲስ ቡሎን ገዛሁ። መቀመጫውን በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ ፈገፈግሁት። ስስ ግራሶ ቀባሁት፤ ዲስኩንና የሴንሰሩን ቦታ ሳልነካ። ያንን ግራሶ ከኔ በፊት የፈታው ሰው ቀብቶት ቢሆን ኖሮ እሁዴ አይበላም ነበር።

አሮጌዎቹን 4 ቡሎኖች አልጣልኳቸውም። የቀኙም ማንጎራጎር ጀምሯል፤ ለመምቻ ይሆኑኛል።