አምስት ሰዓት ለአንድ ልምምድ

ካናዳ ውስጥ ካለችው ቫንኩቨር ስንነሳ ለጓደኛዬ ምክንያቱን በደንብ አልነገርኩትም። "ወደ ሰሜን ወጣ ብለን በረዶ እንይ" ነበር ያልኩት። ውሸት አይደለም። እውነቱን ያወጣሁት ሆፕ የምትባለውን ከተማ ካለፍን በኋላ፣ መመለስ ሲያስጠላ ነው።

"ለአንድ በረኛ ብለህ ነው ይሄን ሁሉ የምታስነዳኝ?"

"በረኛው እዚያ የለም" አልኩት። "መንገዱን ለማየት ፈልጌ ነው።"

ዝም አለ። ከዚያ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው።

በረኛው ኬሪ ፕራይስ ነው። የሞንትሪያል ካናዲያንስ የአይስ ሆኪ ቡድን ግብ ጠባቂ ነበር። በ2015 የሊጉን ምርጥ ተጫዋችና ምርጥ በረኛ ሽልማቶች በአንድ ምሽት ጠቅልሎ ወሰደ። እኔን የሳበኝ ግን ዋንጫው አይደለም። የልጅነቱ ታሪክ ውስጥ አንድ ቁጥር አለ፤ ከሰማሁት ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ቤታቸው አናሂም ሌክ ነው። የበረዶ ሜዳና ቡድን ያለው ዊሊያምስ ሌክ ነው። በመሃል ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። አባትየው ልጁን በሳምንት ሦስት ጊዜ በመኪና ያመላልሰው ነበር። ደርሶ መልስ አስር ሰዓት። በሳምንት ሠላሳ ሰዓት መኪና ውስጥ!

እንዲህ ያለ ነገር ወሬ ሲሆን ይቀላል። እኔ ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጬ ልሞክረው አልኩ።

የመጀመሪያው ቀን ብዙ የሚወራለት አይደለም። የፍሬዘር ወንዝን ገደል ተከትለን፣ ካሽ ክሪክን አልፈን፣ 540 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተን ማታ ዊሊያምስ ሌክ ገባን። በልተን ተኛን።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሀይዌይ 20ን ያዝን። መጋቢት ቢሆንም ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መንገዱ መጀመሪያ ወደ ፍሬዘር ወንዝ ይወርዳል፣ ድልድዩን ይሻገራል፣ ከዚያ ዳገቱን ጠመዝማዛ እየሆነ ይወጣል። ላይ ሲደርሱ የቺልኮቲን አምባ ይዘረጋል። ደረቅ ሣር፣ አጥር፣ ከብት፣ ሰማይ። ቤት የለም ማለት ይቻላል። ስልኬን አየሁት፤ ኔትወርክ ጠፍቷል። እስከ ማታ ድረስም አልፎ አልፎ ብቻ ነበር ብቅ ያለው።

አሌክሲስ ክሪክ አጠገብ ከፊታችን የሚሄድ የእንጨት ጫኝ መኪና ጭቃና በረዶ ረጨብን። መጥረጊያውን ስነካው ውሃው አልመጣም። በረዶ ሆኗል! መኪናውን ያከራዩን ሰዎች የሞሉበት ለሞቃት አገር የሚሆነውን ነው። ወርጄ በጨርቅ ጠረግኩት። ከሃያ ደቂቃ በኋላ እንደገና ወረድኩ። ጓደኛዬ ከውስጥ ሆኖ በመስታወቱ አውራ ጣቱን ያሳየኛል። ከአባትየው ጋር ራሴን ማወዳደር የጀመርኩት እዚያ ላይ ነው። እሱ ይሄን በጨለማም ነድቶታል፤ ኋላ ወንበር ላይ የሚያንቀላፋ ልጅና የሚሸት የበረኛ ዕቃ ይዞ።

የበረኛ ዕቃ ስል ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የእግር መከላከያው ብቻ ትንሽ ፍራሽ ያህላል። ግቡ 1.83 ሜትር ስፋትና 1.22 ሜትር ቁመት አለው፤ ከእግር ኳሱ ጋር ሲተያይ የመጫወቻ ይመስላል። ግን በኳስ ፋንታ የሚመታው ፓክ 170 ግራም የሚመዝን ጠንካራ ጎማ ነው። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ሊበር ይችላል። ይሄን ሁሉ ለጓደኛዬ አስረዳሁት። የእግር ኳስ ሰው ነው። "ታዲያ በገንዘቡ ተጫዋች ከመሆን በረኛ የሚሆን ምን ነክቶት ነው?" አለኝ።

የፕራይስን ጉዳይ መመለስ ቀላል ነው። አባቱ ጄሪም በረኛ ነበር። በ1978 ፊላደልፊያ ፍላየርስ የሚባለው ክለብ በድራፍት፣ ማለትም ክለቦች በተራ ወጣት ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ሥርዓት፣ መርጦት ነበር፤ ትልቁ ሊግ ውስጥ ግን አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። ለልጁ በረኝነትን ያስተማረው ከቤታቸው አጠገብ በምታልፍ፣ በብርድ በምትረጋ ትንሽ ወንዝ ላይ ነው።

ታትላ ሌክ ላይ ነዳጅ ሞላን። ነዳጅ ቤት ባየህ ቁጥር ሙላ የሚባል ምክር እዚህ መንገድ ላይ ይሠራል። ከዚያ ወዲያ በስተግራ የኮስት ተራሮች ነጭ ሆነው ብቅ አሉ። እዚህ ጋ ጓደኛዬ ሬዲዮኑን ራሱ ዘጋው። ለነገሩ የሚሰማ ጣቢያም አልነበረም።

አናሂም ሌክ የደረስነው እኩለ ቀን አልፎ ነው። አቁመን ስንጠርግ ያጠፋነውን ትተን፣ የነዳነው አምስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው። ጥቂት ቤቶች፣ ሱቅ፣ ጥዶች፣ የጭስ ማውጫዎች። የኡልካቾ ነባር ሕዝብ አገር ነው። የፕራይስ እናት ሊንዳ የዚህ ማኅበረሰብ ተወላጅ ናት፤ ተመርጣም አለቃው ሆናለች። በረኛው ያን ዕለት ሽልማቱን ሲቀበል ንግግሩ ላይ ለነባር ሕዝቦች ልጆች መልእክት አስተላልፎ በእናቱ ወገን ቋንቋ ጥቂት ተናገረ። የቤታቸውን አድራሻ አልጠየቅንም። የሰው ቤት ነው። በረዶ የሆነ ወንዝ ግን በየአቅጣጫው ሞልቷል። አንዱ ላይ ቆመን ድንጋይ አንሸራተትን። ጓደኛዬ በረኛ ሆነ። አራት አገባሁበት።

ከዚያ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ነዳሁ። ነገሩ የተለወጠው እዚህ ነው። መንገዱ ሲያንገሸግሸው አባትየው አራት ሰው የምትይዝ ፓይፐር ቸሮኪ ገዛ። ፓይለት ነበር። ትንሿ አውሮፕላን ዳገት አታውቅም፣ ከብት አይገባባትም። ከዚያ በኋላ ልጁ ለልምምድና ለጨዋታ በአየር ይሄድ ጀመር። ሲወራ የሀብታም ቅንጦት ይመስላል። መስታወት ሲጠርግ ለዋለ ሰው ግን እብደት አይመስልም።

ኒምፖ ሌክ አጠገብ አደርን። ማታ ምድጃ ዳር ቀሪውን ታሪክ ነገርኩት። ፕራይስ በታዳጊነቱ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ዋሽንግተን ግዛት፣ ኬነዊክ ከተማ ላለው ትራይ ሲቲ አሜሪካንስ ተጫወተ። በ2005 ድራፍት ሞንትሪያል በ5ኛ ደረጃ መረጠው። ብዙ ሰው ግራ ተጋባ፤ ቡድኑ ዦዜ ቴዎዶር የሚባል ባለሽልማት በረኛ ነበረው። 2007 ደግሞ ጉድ ዓመት ነው። ጥር ላይ ስዊድን ውስጥ ከካናዳ ጋር የዓለም ወጣቶች ወርቅ አገኘ፤ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋችም ተባለ። የትራይ ሲቲ የውድድር ዓመት ሲያልቅ ሃሚልተን ቡልዶግስ የሚባለውን የሞንትሪያል ሁለተኛ ቡድን ተቀላቀለ። በመደበኛው ወቅት ሁለት ጨዋታ ብቻ ተጫወተ። ከዚያ ቡድኑን ይዞ የዚያን ሁለተኛ ሊግ ዋንጫ፣ ካልደር ካፕን በላ። ዕድሜው 19። ጥቅምት ላይ ለትልቁ ቡድን ተሰልፎ ፒትስበርግን 3 ለ 2 አሸነፈ።

"እና ከዚያ ተመቸው" አለ ጓደኛዬ።

አልተመቸውም። ጥር 2008 ላይ ወደ ሃሚልተን መልሰው ላኩት። ጠሩት ደግሞ። የካቲት ላይ ሲኒየሩን በረኛ ክሪስቶባል ሁዌን ሲሸጡት ቦታውን ለ20 ዓመት ልጅ ሰጡት። ሞንትሪያል ደግሞ በረኛ የሚመለክበት ከተማ ነው። ኬን ድራይደንና ፓትሪክ ሯ ገና ጀማሪ ሳሉ ዋንጫ ያመጡበት ቡድን ነው። በ2009 በቦስተን ተጠርገው ሲወጡ፣ ፕራይስ ተራ ምት ሲይዝ የገዛ ደጋፊው በሹፈት አጨበጨበለት። እሱም እጆቹን ወደ ላይ አነሳ። በቀጣዩ ዓመት በጥሎ ማለፉ ተቀምጦ ያሮስላቭ ሃላክን ተመለከተ። ክረምት ላይ ክለቡ የሸጠው ግን ሃላክን ነው። ሕዝቡ ተናደደ፤ ገና በወዳጅነት ጨዋታ ፕራይስ ላይ ጮኸበት። ልጁ ረጋ በሉ አላቸው።

እኔ ይሄን እርጋታ ከየት እንዳመጣው እዚያ መንገድ ላይ የገባኝ ይመስለኛል። ጓደኛዬ አልተስማማም። "በተፈጥሮው ዝምተኛ ይሆናል" አለ። ሊሆን ይችላል።

በማግስቱ ሰባት ሰዓት ላይ ተመለስን። ሰዓቴን ይዤ። ዊሊያምስ ሌክ የበረዶ ሜዳ ደጃፍ የደረስነው አሥራ ሁለት ሰዓት ሲያልፍ ነው። ገብተን ተቀመጥን። ልጆች እየተለማመዱ ነበር። አንዱ ትንሽ በረኛ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ እንደገና ይወድቃል። ወገቤ ተቆርጧል። አንድ ሰዓት አለፈና ልምምዱ አለቀ፤ በረዶውን የሚያለሰልሰው መኪና ገባ።

ጓደኛዬ ቁልፉን ወረወረልኝ።

"በል" አለ። "አሁን ወደ አናሂም እንመለስ።"

ሆቴላችን ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነበር። ለእሱም በእግር መሄድ አቃተን።