ጥላ ፎቅ ወይስ ካታንጋ?

አዲስ አበባ ስታዲየም ልንገባ ስንል ጓደኞቼ «የት እንቀመጥ?» ይሉኛል። ምን ልታዩ ነው የመጣችሁት?

ኳሱን ብቻ ከሆነ፣ በመሃል መስመሩ ትይዩ ከፍ በሉ። የፊት ረድፍ አሪፍ ይመስላል እንጂ አያዋጣም፤ በሜዳውና በመቀመጫው መካከል የሩጫው መም አለ፣ ከታች ሆናችሁ ስታዩ ተጫዋቾቹ ይደራረቡባችኋል፣ ኦፍሳይድ ነው አይደለም የሚለውን ክርክር እርሱት። ከላይ ግን የቡድኑ አሰላለፍ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ጥላ ፎቅ የሚባለው የስታዲየሙ ክፍል ጣሪያ አለው፤ ፀሐይና ዝናብ ለሚፈራ ሰው ጥሩ ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው። ድባብ ለሚፈልግ ግን ካታንጋ ወይም ሚስማር ተራ የሚባሉት የስታዲየሙ ክፍሎች ናቸው። እዚያ መቀመጥ ብሎ ነገር የለም፣ ቆማችሁ ትዘምራላችሁ። ተቀናቃኞቹ ክለቦች ጊዮርጊስና ቡና ሲገናኙ ደግሞ ቦታ የሚመርጥላችሁ ማሊያችሁ ነው፤ ከተቃራኒ ደጋፊ መሃል የገባ ሰው ጎል ሲገባለት እንኳ አፉን ይዞ ነው የሚደሰተው።

(በ1954 ዓ.ም. ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳነው እዚሁ ነው። ያን ቀን ብኖር ቦታ አላማርጥም ነበር፣ አጥር ላይም ቢሆን!)

ብቻ በጊዜ ግቡ። የመሃሉ ቦታ ቶሎ ነው የሚያልቀው።